ጭቃ ያልነካቸው ገጾች

በዚያ ዓመት ሥራዬ ሸንኮራ መለካት ነበር። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ እሄዳለሁ፤ ሸንኮራ ይዘው የቡሬን አውቶቡስ የሚጠብቁት ሴቶች ከሚቆሙበት ስደርስ ወደ ግራ ታጥፌ ወደ ወንዙ እወርዳለሁ። እዚያ አንዲት ማሳ አለች። ችካል የተተከለላቸውን አገዳዎች በሜትር ለክቼ፣ ቁጥሩን በደብተር ጽፌ እመለሳለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ። ከዚህ ሌላ የሚጠበቅብኝ ነገር አልነበረም። ይህንኑ ነው ያልሠራሁት።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥቡ አልመጣልኝም። ቡሬ ሄጄ የሚኒባስ ረዳት ሆንሁ፤ ሁለት ወር። መራዊ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ጆንያ ሰፋሁ፤ አንድ ወር አልሞላኝም። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። የምችለው ግጥም መጻፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም። ለውዝ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ መቃብር ላይ የተጻፈውን፣ መኪና ኋላ የተለጠፈውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብሁ ራሴን አስተማርሁ። ዓይኑ ፈጣን ነው ይሉኝም ነበር። እውነት ነው፤ የሰው ጫማ አይቼ በየት በኩል እንደ መጣ እናገር ነበር።

ሥራውን የሰጠኝ እንዳልካቸው የሚባል የወሎ ልጅ ነው። የእርሻ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪውን ይማር ነበር፤ ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠውም ሸንኮራን ነው። ፍግ የበላ ሸንኮራና የፋብሪካ ማዳበሪያ የበላ ሸንኮራ እንዴት እንደሚያድጉ፣ ከሥራቸው ያለውም አፈር ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈለገ። ማሳውን የሰጡት አያ ካሴ ናቸው። ስድሳ ያለፋቸው፣ ዝምታ የሚያበዙ ገበሬ።

ያን ጊዜ በየስብሰባው የሚወራው ስለ ማዳበሪያ ነበር። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አንዱን ወር ዳፕና ዩሪያ ውሰዱ ይላል፤ በሚቀጥለው ወር ኮምፖስት አዘጋጁ ይላል። ገበሬው ሁለቱንም አጨብጭቦ ይቀበልና ቤቱ ገብቶ የራሱን ያስባል። አያ ካሴም የሚያስቡት ነበራቸው። የወንዝ ዳሩ መሬታቸው ለዓመታት ዩሪያ ብቻ ሲበላ ቆይቶ በበጋ መድረቅና መሰንጠቅ ጀምሯል። የበረታቸው ፍግ ደግሞ ለአንድ ማሳ እንጂ ለሁለት አይበቃም። ለሸንኮራው ይስጡት ወይስ ለበቆሎው? እንዳልካቸውን ያስገቡት ይህን ሊያውቁ ነው።

ማሳው ለአራት መደብ ተከፈለ። ለመጀመሪያው ፍግ ብቻ። ለሁለተኛው ዳፕና ዩሪያ ብቻ። ለሦስተኛው ከሁለቱም ግማሽ ግማሹ።

«አራተኛውስ ምን ይሰጠዋል?» አሉ አያ ካሴ።

«ምንም» አለ እንዳልካቸው።

«ምንም ማለት?»

«ውኃ ብቻ። ፍግም ማዳበሪያም አይነካውም።»

«ምን አጥፍቶ?»

እንዳልካቸው ሳቀ። «አላጠፋም፣ አያ ካሴ። ባዶው ከሌለ ሦስቱ የበሉት ምን እንደ ጠቀማቸው በምን እናውቃለን?»

ባለቤታቸው እትዬ የሺ ቦዩ አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ከአራት ልጅ አንዱን ጦም አሳድሮ የሌሎቹን ውፍረት ማየት ነዋ» አሉ። «የተማረ ሰው መቼም የማያመጣው የለም!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አራተኛው መደብ ስሙ ጦመኛው ሆነ።

በኅዳር ተተከለ። ከጥር እስከ ሰኔ በደንብ ለካሁ። ከሥር ተነሥቼ እስከ ላይኛው የተከፈተ ቅጠል አንገት ድረስ ሜትሩን እዘረጋለሁ፣ እጽፋለሁ። ሐምሌ ሲገባ ማሳው ጭቃ ሆነ። የሸንኮራ ቅጠል ደግሞ እንደ ምላጭ ነው፤ አንገቴንና እጄን ይተለትለኝ ጀመር። ሸራ ጫማዬ አዲስ ነበር። ማሳው ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። አንድ ሐሙስ ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ከሥሩ ተቀመጥሁ፣ ግጥም መጣልኝ፣ ጻፍሁ፤ ቀና ስል መሽቷል። ያለፈው ጊዜ ቁጥር ላይ ትንሽ ትንሽ ጨምሬ ሞላሁት።

የሚያሳፍረው፣ ደስ ማለቱ ነው። ቁጥርም እንደ ግጥም ቤት እንደሚመታ ያን ቀን ገባኝ። ፍግ የበላው ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ዩሪያ የበላው ይሮጣል፣ ድብልቁ በመካከላቸው ይነሣል፣ ጦመኛው ይንፏቀቃል። አንዳንዴ እውነት እንዲመስል አንዱን አገዳ አሳንሰዋለሁ። ከሐምሌ እስከ የካቲት ዋርካው ሥር ተቀምጬ ሸንኮራ አሳደግሁ።

እንዳልካቸው ትምህርቱ ሩቅ ነበር። መስከረም ላይ አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ቦዩ ሞልቶ ስለነበር ከዳር አይቶ ተመለሰ። ጦመኛው ደግሞ በወንዙ በኩል ከሦስቱ ጀርባ ነው፤ ከዳር አይታይም። አያ ካሴም በእኔ ሐሙስ ወደ ማሳው ዝር አይሉም። እኔ እንዳያዩኝ ስሸሽ እሳቸውም የሚሸሹ መሰለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ያ ፈጣን የተባለው ዓይኔ የት እንደ ነበር እንጃ።

መቆረጫው ቀን መጋቢት ላይ ሐሙስ ዋለ፤ ሁዳዴ ተይዟል። እንዳልካቸው ሚዛን፣ ዶማና፣ የሸንኮራ ጭማቂ ጠብ አድርጎ ወደ ፀሐይ አዙሮ ጣፋጭነቱን የሚለካባት አጭር መነጽር ይዞ መጣ። ከዓመት በላይ የጠበቀው ቀን ነው። ሸንኮራ እንደ ጤፍ በየዓመቱ የሚደገም አይደለም፤ ይህ ከተበላሸ ሌላ ዓመት ተኩል የሚጠብቅበት ጊዜም ፈቃድም እንደሌለው በመንገድ ላይ ነግሮኛል።

«አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር» አለኝ ቦዩን ስንሻገር።

ደብተሩን ገለጥሁ።

አያ ካሴ ማጭዳቸውን ይዘው ተከተሉን፤ የመጀመሪያውን መደብ ጀመርን። እሱ ይለካል፣ እኔ ከደብተሩ ያለፈውን ቁጥር አነባለሁ። ብዙም አልራቀም። ትንፋሽ ወሰድሁ። ከዚያ አፈሩን ቆፈረ። ዶማው ሳይታገል ገባ። ጭብጥ አድርጎ ሲይዘው ይሰበሰባል፣ ሲለቀው ይፈርሳል፤ ሁለት የምድር ትሎች ጣቱ ላይ ተጥመለመሉ።

ሁለተኛው ዩሪያና ዳፕ የበላው ነው። በቁመቱ ፍግ የበላውን ይበልጠዋል፤ ግን ከፊሉን የክረምት ነፋስ አጋድሞታል። ቁጥሬ እዚህም ተጠጋ። ዶማው አፈሩ ላይ ሲያርፍ ግን ጠጠር እንደ መታ ጮኸ። አፈሩ በጓል በጓል ተነሣ።

«ይቅመሱት፣ አያ ካሴ» አለ እንዳልካቸው፣ ከአገዳው ቆርጦ እየሰጣቸው። «እኔ በመነጽር አያለሁ፣ እርስዎ በምላስዎ ይንገሩኝ።»

«ገና ነው» አሉ ፀሐይዋን ቀና ብለው አይተው። «ሰዓቱ ሲደርስ። ሸንኮራው አይሸሽም።»

ሦስተኛው ደልዳላ ነበር፤ አገዳው ወፍራም፣ አፈሩም ለዶማ የተመቸ። እዚያም አለፍሁ። ከሦስት መደብ ሦስቱም ቤት መታልኝ። ትንሽ መኩራቴንም አስታውሳለሁ።

ከዚያ ወደ ጦመኛው ገባን።

እንዳልካቸው ቆመ። ያ መደብ የተራበ አይመስልም። አገዳው ከእሱ ራስ በላይ ሄዷል። ችካል ወዳለው አገዳ ሄዶ ለካ፤ ደግሞ ለካ።

«ያለፈው ስንት ይላል?»

ከደረቱ የማያልፍ ቁጥር አነበብሁለት።

ሌላውን ለካ። ሌላውንም። ከዚያ ዶማውን አንሥቶ ቆፈረ። አፈሩ ጥቁር ነበር፤ ያልበሰበሰ የጤፍ ጭድና የእበት ቁራጭ ተቀላቅሎበታል። እፍኝ አንሥቶ አሸተተው።

«ይህ መሬት ፍግ በልቷል» አለ።

አያ ካሴ ማጭዳቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «አዎ። እኔ ነኝ።»

«አያ ካሴ!»

«የሐምሌ አቦ ለት ነው። አስቀድሼ ስመለስ በዚህ አለፍሁ። ሦስቱ ጠግበው ጨለማ መስለዋል። ይህ ቅጠሉ ገርጥቶ እንደ በሽተኛ ቆሟል። በገዛ መሬቴ ላይ በአጠገቡ ማለፍ አፈርሁ። በማግሥቱ የበረቱን ፍግ በአህያ ጭኜ አመጣሁና በየመስመሩ ቀበርሁለት። ከላይ በደረቅ ቅጠል ሸፈንሁት። መስከረም ላይም ደገምሁት።»

«የተነጋገርነውስ?»

«የተነጋገርነውን አልረሳሁትም። አቅቶኝ ነው።»

እትዬ የሺ ከኋላ ቅጠል ይሰበስቡ ነበር። «እኔ ነኝ ጨቅጭቄ ያስደረግሁት፤ የምትቆጣ ከሆነ እኔን ተቆጣ» አሉ። «ወይስ መሬት ማብላት በወንጀል ያስጠይቃል?»

እንዳልካቸው አልተቆጣም። ደብተሩን ከእጄ ወሰደና ገጾቹን አንድ በአንድ ሄደባቸው። ፊቱ ላይ ተስፋ የመሰለ ነገር አየሁ። «ሐምሌ ከሆነ እኮ ይታወቃል» ይል ነበር ለራሱ። «ቁጥሩ የሚነሣበት ቦታ ይኖራል። እስከዚያ ያለውን ባዶ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘግይቶ ፍግ ያገኘ ብዬ ለይቼ እጽፈዋለሁ። አይጠፋም...» ገለጠ። «ሐምሌ... ነሐሴ... መስከረም... ጥቅምት...» እያገላበጠ የካቲት ደረሰ። ተስፋው ሄደ።

«አያ ካሴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከሐምሌ አይደለም።»

«ከሐምሌ ነው።»

«ደብተሩ እንዲያ አይልም። እስከ የካቲት ድረስ እንደ ተራበ ነው ያለው። ከየካቲት ወዲህ ደግሞ በሁለት ሳምንት ይህን ያህል ሊረዝም አይችልም።» ወደ ችካሉ ተመለከተ። «ችካሉን ነቅለው ወፍራም ወፍራሙ ላይ ተክለውታል?»

ይህን ጥያቄ ከተማ ያደገ ሰው ቀላል ሊለው ይችላል። ለአያ ካሴ ግን ቀላል አይደለም። በዚያ አገር ሰው ተጣልቶ ይታረቃል፤ የወሰን ምልክት የነቀለ ሰው ግን ሲሞት እንኳ ይነሣበታል። ፊታቸው ተለወጠ።

«ወሰን ገፋህ ነው የምትለኝ?»

«ወሰን አላልሁም...»

«ችካል ነቀልህ ብለኸኛል፣ ልጄ። አባቴም አልነቀለም።»

«ታዲያ ደብተሩ ለምን እንዲህ ይላል?»

አያ ካሴ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ አምጣው።»

ማንበብ አይችሉም። እንዳልካቸውም ያውቃል፤ ግን ሰጣቸው። ከመጀመሪያው ጀምረው በአውራ ጣታቸው ገለጡት። የጥር ገጽ፣ የየካቲት ገጽ፣ የሚያዝያ ገጽ። ጠርዛቸው ጠቁሯል፤ የጣቴ አሻራ በጭቃ ታትሞበታል፤ አንዱ ገጽ ላይ ከተቆረጠው እጄ የወረደ የደም ነጥብ አለ። ሌላው ላይ የሸንኮራ ጭማቂ ደርቆ ወረቀቱን አጣብቆታል። አላቅቀው አለፉ። ግንቦት። ሰኔ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

ሐምሌ ነጭ ነው። ነሐሴ፣ በዓመቱ ጭቃ የሚበዛበት ወር፣ ነጭ ነው። መስከረም እንደ ሠርግ ልብስ ነጭ ነው።

ቀና ብለው መጀመሪያ ወደ ጫማዬ፣ ከዚያ ወደ ዋርካው፣ ከዚያ ወደ ዓይኔ አዩ። ደብተሩን ዘጉና ለእኔ ሰጡኝ።

«እንግዲህ» አሉ ለእንዳልካቸው፣ «ወረቀቱ እንዲያ ካለ የተሳሳትሁት እኔ እሆናለሁ። አርጅቻለሁ። ወሩም ይምታታብኛል።»

እትዬ የሺ ቅጠሉን ጣሉት። «ምን ማለትህ ነው? ሐምሌ አይደል እንዴ አህያዋ ቦዩ ውስጥ የወደቀችው!»

«ተይው፣ የሺ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ሁሉም ነገር ለእኔ ያልቅልኝ ነበር። እንዳልካቸው ያምነኛል። ጥፋቱን ሽማግሌው ተሸክመውታል። ያን ያህል ቀላል ነበር። ነገር ግን አንድ ፊደል የማያውቅ ሰው ደብተሬን ከማንም በላይ አንብቦ፣ እኔን ለማዳን ራሱን ችካል ነቃይ ሲያደርግ ቆሜ አየሁ። ዝም ማለት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«ደብተሩ ነው የዋሸው» አልሁ።

የተናገርሁት ግማሹን መሆኑ ገባኝ።

«እኔ ነኝ። ከሐምሌ ወዲህ ማሳው ውስጥ አልገባሁም። ዋርካው ሥር ተቀምጬ ነው የጻፍሁት።»

እንዳልካቸው መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ይጮኻል ብዬ ነበር።

«ከየትኛው ቀን ጀምሮ?»

አላስታወስሁም። አያ ካሴ ደብተሩን መልሰው ወሰዱና ገለጡት። «ጭቃው እዚህ ላይ ያቆማል» አሉ።

እንዳልካቸው የዚያን ገጽ ጥግ አጠፈው። «እሳቸው ያበላሹትን አንተ ብትለካው ኖሮ ይድን ነበር» አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገረው። «ፍጉ የገባበት ቀን ቁጥሩ ላይ እንደ ደረጃ ይታይ ነበር። በአንድ ማሳ ሁለት ጥያቄ ይመለስልኝ ነበር።» ከዚያ ወደ አያ ካሴ ዞሮ ጎንበስ አለ። «ስለ ችካሉ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። እኔም ፍጉን ሳልነግርህ ቀርቻለሁ፤ ተካክለናል» አሉ። ወደ እኔ ሳያዩ ማጭዳቸውን አነሡ።

«ሜትሩን ያዝ» አለኝ እንዳልካቸው። ያዝሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆረጥን፣ መዘንን። ሰዓቱ ሲደርስ አያ ካሴ ከየመደቡ አንድ አንድ አገዳ ቆርጠው በተራ ቀመሱ። የሁለተኛውን አኝከው፣ «ውኃ ይበዛዋል» አሉ። ሦስተኛውን ደገሙት። ከዚያ የሦስተኛውን መደብ አፈር በእጃቸው አፍሰው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄያቸው ያን ጊዜ የተመለሰላቸው ይመስለኛል፤ ፍጉን ለሸንኮራና ለበቆሎ ግማሽ በግማሽ ከፍሎ፣ የጎደለውን በዳፕና በዩሪያ መሙላት። እንዳልካቸው በመነጽሩ ያየውንና እሳቸው ያሉትን ጎን ለጎን ጻፈው።

እንዳልካቸው የሆነውን ሳይደብቅ በጽሑፉ ውስጥ እንዳስገባው ቆይቶ ሰማሁ። ምን ነጥብ እንደ ሰጡት አላውቅም። ለእኔ ሌላ ሥራ አልሰጠኝም፤ መስጠትም አልነበረበትም።

ቤቴ ገብቼ ዋርካው ሥር የጻፍኋቸውን ግጥሞች አወጣሁ። ብዙዎቹ ስለ ዝናብ ናቸው። ስለ ጎርፍ፣ ስለ ጭቃ፣ በጭቃው ስለሚደክመው ገበሬ። ወረቀታቸው ንጹሕ ነው። አንዱም ላይ የዝናብ ጠብታ የለም። ስንኞቹ ሁሉ ቤት ይመታሉ፤ እንደ ቁጥሮቼ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ምክር አትጠብቁብኝ። እኔ ለመምከር የሚበቃ ሰው አይደለሁም። ግን ከእናንተም መካከል ዳር ተቀምጦ ቅጽ የሚሞላ፣ ያላየውን ሪፖርት የሚያደርግ፣ ያልገባበትን የሚገጥም አይጠፋም። ያኔ እኔም ማንንም የጎዳሁ አልመሰለኝም ነበር፤ ወረቀት ብቻ መስሎኝ ነበር። ያ ወረቀት ግን እውነት የተናገረውን ሽማግሌ ውሸታም አድርጎ ለማቆም አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ሰውየው ደግሞ ወረቀቱን አክብረው ተቀበሉት። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ማንም ሳይጠራኝ ወደ ማሳው ወረድሁ። የተቆረጠው ሸንኮራ ከጉቶው አቆጥቁጦ ጉልበት ደርሷል። አያ ካሴ መደቦቹን አላፈረሱም፤ ችካሎቹም በቦታቸው ናቸው።

«መጣህ?» አሉኝ፣ ትናንት እንደ ተለያየን ሁሉ።

«መጣሁ። ልለካልዎት ብዬ ነው። በነፃ።»

«ያኔም ካልለካህ ባትጽፍ ይሻል ነበር» አሉና ሣቁ። ወደ ወንዙ በኩል አመለከቱኝ። «ጦመኛውን ግማሹን ጦም አስይዤዋለሁ። ያ ልጅ ያለው እውነት ነው፤ ባዶው ከሌለ አይታወቅም። የሺ ግን አልሰማችም፤ እንዳትነግራት።»

ከኪሴ አዲስ ደብተር አወጣሁ። ተቀበሉኝና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ። ጎንበስ ብለው አውራ ጣታቸውን ቦዩ ዳር ካለው ጭቃ ነከሩና፣ ቀበሌ ሲፈርሙ እንደሚያደርጉት፣ ገጹ መሐል ላይ ተጫኑት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም።

«በል» አሉ ደብተሩን እየመለሱልኝ፣ «አሁን ሳትገባ ብትጽፍም አላውቅብህም።»

ዋርካው ሥር ሄጄ ጫማዬን አወለቅሁ። እዚያው ትቼው ገባሁ።